ያላነሳኸው ጥሪ የት ገባ?

«ስልኬ ዝግ ነበር» ለሚለኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስልክህስ ዝግ ይሁን፤ ጥሪው የት ገባ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ያልተነሳ ጥሪ በዚያው የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ጥሪ ሲመጣ ኔትወርኩ ስልክህን ይፈልጋል። ካጣው፣ ወይም ጠርቶ ካላነሳህ፣ ወይም ሌላ ሰው እያወራህ ከሆነ በስምህ የተመዘገበ መመሪያ መኖሩን ያያል። መመሪያ ካለ ጥሪውን ወደ ታዘዘበት ይወስደዋል። ከሌለ ለደዋዩ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን የሴት ድምፅ አሰምቶ ይሸኘዋል። ገፈርሳ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አዲስ አበባን ከሰባ ዓመት በላይ ያጠጣው ግድባችን ክረምት ላይ ሲሞላ፣ የተረፈው ውኃ ወደ ፈለገበት አይሄድም፤ ማስተንፈሻ ተሠርቶለታል። ያንተ ጥሪ ሲተርፍ በየት እንደሚወጣ ማን ወሰነ? አንተ ካልወሰንክ ወይ ማንም አልወሰነም፣ ወይ ሌላ ሰው ወስኖልሃል። ሁለቱም ያከስራል፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል።

«ምን ያከስራል? የፈለገኝ መልሶ ይደውላል» ትለኛለህ።

መልሳ የምትደውለው እናትህ ናት። አሠሪ መልሶ አይደውልም። ከአስኮ ተነስቶ ቡራዩን አቋርጦ፣ በገፈርሳ በኩል ወደ ሆለታና አምቦ በሚወጣው አስፋልት ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ እንጀራው በስልክ የሚመጣ ነው። ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ባለባጃጁ፣ ልብስ የምታጥበዋ እናት፣ ሁሉም ጠዋት ስልኩን ታቅፎ ነው የሚነሳው። ሱሉልታ ቤት የሚያሠራ ሰው አምስት የቀለም ቀቢ ቁጥር ይይዝና ከላይ ወደ ታች ይደውላል። የመጀመሪያው ካልተገኘ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ሁለተኛው «አቤት» ካለ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባትሪው የሞተበት የመጀመሪያው ሰው የቀን ዋጋውን አጣ። ማጣቱንም አላወቀም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የማያውቀውን ኪሳራ ሰው እንኳን ሊያስመልሰው ሊያዝንበትም አይችልም።

«ኧረ ስልኩ ሲከፈት እገሌ ደውሎልሃል የሚል መልእክት ይመጣል» ይለኛል ጎኑ ያለው።

ይመጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም የምደግፈው ነው። ነገር ግን መልእክቱ የደዋዩን ቁጥር እንጂ ጉዳዩን አይነግርህም። የማታውቀው ቁጥር ከሆነ ሥራ ይሁን ሐዘን፣ ወይም ደግሞ ተሳስቶ የደወለ ሰው፣ አትለየውም። ድምፅ የሚያስቀር ሳጥን የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ጎርደን ማቲውስ የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያገኝ ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ስልክ ላይ መገናኘት ካልቻሉ፣ የአንደኛው ድምፅ የሌላውን ጊዜ ይጠብቅ። እኛ ጋ ይህ ሳጥን ሳይለመድ ቀረ። ሚስኮል ቀደመው። ሚስኮል ደግሞ «ፈልጌሃለሁ» ይላል እንጂ «ለምን» አይልም።

«ታዲያ መመሪያውን የሚያስገባው ኮድ ለተማረ ሰው ነው» ትይኛለሽ።

አንቺ በኮከብ 804 መሰላል ቀሪ ሒሳብሽን ስታዪ የኖርሽ፣ ካርድ ሲያልቅብሽ በኮከብ 807 «ደውልልኝ» የምትልኪ፣ በቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል ብለሽ ዕቁብ የምትከፍዪ ሴት፣ አራት ቁጥር ያቅትሻል? 21፣ 61፣ 62፣ 67። በቃ ይኸው ነው። እነዚህ ቁጥሮች የቴሌ ወይም የሳፋሪኮም ብቻ አይደሉም፤ ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው የሞባይል ሥርዓት ሲዘረጋ ለዓለም ሁሉ የተወሰኑ ናቸው። ሰበታ ላይ የሚሠራው ኮድ ለንደንም ላይ ያው ነው። በባለቁልፍ ስልክም፣ ባለፈው ሳምንት በተገዛ ውድ ቀፎም እኩል ይሠራል።

21 ሁሉንም ጥሪ የሚያዞር ነው። እሱ ከተሞላ ስልክሽ አንድ ጊዜም አይጠራም፤ የመጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ተሰጠው ቁጥር ይሄዳል። 61 ጠርቶ ሳታነሺ ሲቀር ነው። 62 ስልኩ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ ነው። 67 መስመርሽ ሲያዝ ነው፤ የመጣውን ጥሪ በቀዩ ቁልፍ ስትዘጊበትም ብዙውን ጊዜ በዚሁ በ67 ይሄዳል። ለማስገባት ሁለት ኮከብ፣ ቁጥሩ፣ ኮከብ፣ ጥሪው የሚሄድበት ስልክ፣ መሰላል። ለመጠየቅ ኮከብና መሰላል አስቀድመሽ ቁጥሩን፣ ከዚያ መሰላል። ለማጥፋት ሁለት መሰላል አስቀድመሽ ቁጥሩን፣ ከዚያ መሰላል። የማስገባቱና የማጥፋቱ ልዩነት ኮከብና መሰላል ነው። ዕቁብ የምትሰበስብ ሴት ከዚህ የሚበልጥ ሒሳብ በቃሏ ትይዛለች።

በዚህ በእኛ አካባቢ ትልቁ ቁጥር 62 ነው። መብራት የሚጠፋበት፣ ባትሪ የሚሞትበት፣ ኮረብታ ሥር ሲገቡ ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰፈር ነው። ከ62 ቀጥሎ 61 ይመጣል። ብየዳ ቤት የሚሠራ ሰው ብረት መቁረጫው እየጮኸ ስልኩን አይሰማም፤ ቢሰማም ጓንቱን እስኪያወልቅ ጥሪው ያልቃል። ለእሱ የምነግረው ነገር አለ፦ 61ን ስታስገባ የሚጠብቅበትን ሰከንድ መወሰን ትችላለህ። ከ5 እስከ 30፣ በአምስት በአምስት እየጨመረ። ከስልኩ ቁጥር በኋላ ኮከብ፣ 11፣ ኮከብ፣ 30፣ መሰላል ብትል ጓንት ለማውለቂያ የሚበቃ ጊዜ ታገኛለህ።

«እኔ ግን ሁለት ሲም አለኝ፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ያገኙኛል» የሚለኝ ወጣት አለ።

ሁለቱም ሲሞች በአንድ ቀፎ ውስጥ ናቸው፤ ባትሪው አንድ ነው። ቀፎው ሲሞት 09ኙም 07ቱም አብረው ይሞታሉ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት መስመር መያዝ ተለምዷል፤ ምርጫ መኖሩ ደስ ይለኛል። ግን መመሪያው ለየሲሙ ነው። በአንዱ ሲም ያስገባኸው 62 ለሌላው አይሠራም። ኮዱን ስትደውል በየትኛው ሲም እየደወልክ እንደሆነ እይ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልሂድ። ማስተላለፉ ወዴት ይሁን? እዚህ ላይ ሰዉ በሦስት ወገን ይከራከራል።

አንዱ ወገን «ወደ ባለቤቴ፣ ወደ ወንድሜ ስልክ» ይላል። ይህ ለእኔም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የምታምነው ሰው ጥሪውን ካነሳ ድምፅ ከሚያስቀር ሳጥን ሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋ ይነጋገርልሃል፣ «አሁን ይደውልልዎታል» ይልልሃል። ሁለት ነገር ግን እወቅ። የተላለፈው ጥሪ ከአንተ ወደ ወንድምህ እንደተደወለ ነው የሚቆጠረው፤ ሒሳቡም የሚቆረጠው ካንተ ነው። ካርድ ከሌለህ በአብዛኛው አያልፍም። ሌላው፣ ወንድምህ ሳትነግረው የማያውቀው ሰው እየደወለ «ቀለም ቀቢው ነህ?» ቢለው «ተሳስተዋል» ብሎ ይዘጋዋል። ንገረው። ፈቃዱንም ጠይቀው።

ሌላው ወገን «የኦፕሬተሩ ይሻላል» ይላል፤ የድምፅ መልእክት ሳጥንም ሆነ የደዋዩን ቁጥር የሚነግረው መልእክት። ሦስተኛው፣ ዛሬ ከሁሉም የበዛው፣ «ምን አስጨነቀኝ? የቴሌግራም ቮይስ አለኝ» የሚለው ነው።

የቴሌግራም ቮይስ አለህ። ማን ከለከለህ? ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ድምፅ መላክ ከጀመረ ወዲህ አያቶቻችን ሳይቀሩ በኢሞና በቴሌግራም ድምፃቸውን ይልካሉ። ቤይሩትና ሪያድ ያሉ ልጆቻችን ከእናቶቻቸው ጋር የሚኖሩት በዚያ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ችግር አያውቅም። ነገር ግን አሠሪህ ቴሌግራም ላይ አያውቅህም። እሱ የያዘው ቁጥርህን ብቻ ነው፤ ሲደውል ካጣህ ቮይስ አይልክም፤ ወደሚቀጥለው ይደውላል። ቮይስ የሚያውቅህ ሰው የሚልክልህ ነው፤ እንጀራህን ይዞ የሚመጣው ደግሞ የማያውቅህ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ኢንተርኔቱ ሲዘጋስ? «አይዘጋም» እንዳትለኝ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተገደለ ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ያን ጊዜ እዚህ ሰፈር ሰው የሚፈላለገው በድምፅ ጥሪ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ነበር፤ ቪ.ፒ.ኤን. ያልጫነ ሰው ቮይሱም ቻናሉም ቀረበት። አምስት ወር ነው! በአምስት ወር ስንት ሥራ ይሄዳል? ስንት መርዶ ይዘገያል?

የኦፕሬተሩ ደጋፊ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። አትበል። ያንተም መንገድ ተዘግቶ ያውቃል። ከግንቦት 1997 ምርጫ ማግስት የተቋረጠው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተከፈተው ሚሊኒየሙ ሲብት፣ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ጽሑፍ መላክ አይቻልም ነበር። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው በሩ ሲዘጋ ውጪ ያድራል። 62ህን ለሰው ስጥ፤ የቴሌግራም ስምህን ደግሞ ለሚያውቁህ ሁሉ ንገር፤ የኦፕሬተሩን ማሳወቂያም ሳታውቅ አታጥፋው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉም።

የሚጣሉበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱን ልንገርህ። ለአንድ ሁኔታ የሚመዘገበው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በ62 ላይ የኦፕሬተሩ አገልግሎት ቁጥር ተመዝግቦ ከነበረና አንተ የወንድምህን ብታስገባ፣ የመጀመሪያው ቦታውን ይለቃል። ከወር በኋላ የወንድምህን ስታጠፋ የመጀመሪያው በራሱ ይመለሳል ብለህ አትተማመን፤ አንዳንዱ ኔትወርክ ይመልሰዋል፣ አንዳንዱ ባዶ ይተወዋል። ስለዚህ ምንም ከመንካትህ በፊት ጠይቅ፤ የወጣውን ቁጥር በወረቀት ጻፈው። መመለስ ስትፈልግ ያንኑ ታስገባለህ። ከጠፋብህ ለቴሌ መስመር 994 አለልህ።

እዚህ ላይ «ተጠልፌያለሁ» ባዩ ይነሳል።

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞር ጽሑፍ አለ፦ ኮከብ፣ መሰላል፣ 62፣ መሰላል ደውላችሁ ቁጥር ከወጣ ስልካችሁ ተጠልፏል፤ ሁለት መሰላል 002 መሰላል ብትሉ ይጸዳል። ስንቱን እንቅልፍ ነሳው! ስንቱ ባልና ሚስት በዚህ ተነጋገረ! ወንድሜ፣ በብዙ ኔትወርኮች በ62 ላይ የሚወጣው ቁጥር ያ ስልክህ ተዘግቶ ሳለ ማን እንደደወለ የሚነግርህ የራሱ የኦፕሬተሩ አገልግሎት ነው። እሱን «አጸዳሁ» ስትል ሰላይ አላባረርክም፤ የሚያሳውቅህን አባረርክ። ከዚያ በኋላ ስልክህ ሲከፈት መልእክት ካልመጣ «ማንም አልፈለገኝም» ብለህ ታዝናለህ። ደግሞም ኦፕሬተሩ ጋ የሚደረግ ስለላ በዚህ መመሪያ ላይ ምልክት አይተውም፤ ኮዱ የሚነግርህ ጥሪህ ወዴት እንደሚዞር ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን መጠየቅ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጠይቅ! በ21 ላይ ቁጥር ከወጣና አንተ ካላስገባኸው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ደንግጥ። በ61፣ በ62 ወይም በ67 ላይ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የማታውቀው የሞባይል ቁጥር ከወጣም ዝም አትበል፤ ጻፈው፣ የማን እንደሆነ ጠይቅ፣ ከዚያ አጥፋው።

«ማን ያስገባብኛል?» አልከኝ?

ራስህ ታስገባዋለህ። በቀጭን ድምፅ «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ መስመርዎ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ኮድ ይደውሉ» ይሉሃል። ኮዱ ከኮከቦቹ ቀጥሎ 21 ያለበት ነው። ደወልክ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንተን ጥሪ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ጽሑፍ መልእክት በዚህ መንገድ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ድምፅ ነው። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በቁጥርህ ዋትስአፕ ሲከፍቱ «ኮዱን በጥሪ ንገሩኝ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ጥሪው ወደ እነሱ ይዞራል፤ ኮዱን ሰምተው ይገባሉ። ከዚያ በስምህ ለዘመድ አዝማድ «ትንሽ ብር አበድረኝ» ብለው መላክ ይጀምራሉ። ሕንድ በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ተቸግራ ከሚያዝያ 15 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮድ የሚደረገው ጥሪ የማዞር አገልግሎት እንዲታገድ ለኦፕሬተሮቿ ትእዛዝ ሰጥታለች። እኛ ጋ ኮዱ ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑን የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ግን የምትደውለውን እወቅ። የትኛውም ደዋይ ያዘዘህን፣ ኮከብ ያለበትን ኮድ አትደውል። ማንነቱን ቢምልልህም፣ ቢቆጣም።

«የድምፅ ሳጥን ቢኖረኝ ይህ አይደርስብኝም ነበር» የሚለውም ሰው ይስማ። በእንግሊዝ «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» የሚባለው ጋዜጣ ከ168 ዓመት ዕድሜ በኋላ በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. የተዘጋው ለጋዜጣው የሚሠሩ ሰዎች የሌሎችን የድምፅ ሳጥን ሰብረው ሲያዳምጡ በመገኘታቸው ነው። ለብዙዎቹ ሳጥኖች መግቢያ የሆናቸው ባለቤቶቹ ሳይቀይሩት የተዉት የፋብሪካ ቁጥር ነበር። ሳጥን ካለህ የይለፍ ቁጥሩን ቀይረው። 0000 እና 1234 የይለፍ ቁጥር አይደሉም፤ ለሌባው የተተወ ግብዣ ናቸው።

«እኔ የማዞረው የሚስቴን ስልክ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚልም አጋጥሞኛል።

ሕግ ይጠይቅሃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተፈቀደለት ሰው የሌላውን ግንኙነት መጥለፉን ወንጀል ብሎታል፤ «ባሏ ከሆነ ግን ይፈቀድለታል» የሚል መስመር የለበትም። ከሕጉም በላይ፣ የምትጠረጥራትን ሴት ፊት ለፊት መጠየቅ ያቃተህ ሰው በጓዳ የምትሰማው ነገር ምን ይጠቅምሃል?

አሁን ደግሞ ለባሕር ማዶው ልጅ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያለህ፣ እናትህ ገፈርሳ ያለች።

«እሷ እኮ ሜሴጅ አትተውልኝም» ትላለህ።

በምን ቋንቋ ትተውልህ? ቅድስት እናትህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቡና ሳታፈላ ደወለች። በእናንተ በጋ ያን ጊዜ ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፤ ስልክህ ጸጥ ብሏል። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታነሳለች። እናትህ «ይቅርታ እሙዬ፣ ልጄ የለም?» ትላታለች፤ ሴትየዋ ማውራቷን አታቆምም። ጥሪው ስለተነሳ የውጭ አገር ሒሳብ እየቆጠረ ነው። ትንሽ ጠብቃ ትዘጋለች፤ ካርዷም አለቀ፤ አንተም አልሰማህ። ያቺን የእንግሊዝኛ ሴት ማጥፋት ላንተ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በራስህ ድምፅ፣ እናትህ በምትሰማው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ አጭር ሰላምታ ቅዳ፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ተኝቼ ነው፤ ከጡሩምባው በኋላ ተናገሪ፤ ጠዋት እደውላለሁ።» የሥራ አለቃህ ይህን ሰምቶ ግራ ይጋባል ብለህ ከፈራህ ከአማርኛው ቀጥለህ እንግሊዝኛውን ጨምር። እናትህ ትቅደም።

«ኧረ እኔ ጉግል ቮይስ ነው የምጠቀመው፤ መልእክቱ በጽሑፍ ይመጣልኛል።»

ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ብዙ የአገሬ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ይህን ይዞ ይሠራል። ቢሆንም ያልተጠበቀ ጠብ አለበት። የጉግሉ ቁጥርህ ሲደወል ጥሪውን ወደ ቀፎህ ይልካል። ቀፎህ ደግሞ የራሱ የኦፕሬተር ሳጥን አለው። ሳታነሳ ስትቀር ማን ይቅደም? የኦፕሬተርህ ሳጥን ቀድሞ ካነሳ መልእክቱ እዚያ ይቀመጣል፤ አንተ የጉግሉን እያየህ «ማንም አልደወለም» ትላለህ። እናትህ በአንዱ ሳጥን ተናግራ አንተ በሌላው ትጠብቃለህ። ኦፕሬተርህ ኤቲ ኤንድ ቲ ወይም ቲ-ሞባይል ከሆነ በ004 ሁሉንም ያልተነሱ ጥሪዎች ወደ ጉግሉ ቁጥር ማዞር ትችላለህ፤ 004 ማለት 61፣ 62 እና 67 በአንድ ላይ ነው። ወደ ኦፕሬተሩ ለመመለስ ሁለት መሰላል 004 መሰላል። ቬራይዘን ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ ለማዞር ኮከብ 71 እና ቁጥሩ፣ ለማጥፋት ኮከብ 73። አንዱን ምረጥና ሌላውን ዝጋ። ሁለቱንም ክፍት ትተህ «አልሰማሁም» ማለት ከእናትህ ጋር አያዋጣም። ሳጥኑም ሞልቶ እንደሆነ እይ፤ የሞላ ሳጥን ማንንም አይቀበልም። የሁለት ዓመት የሻጭ መልእክት አከማችተህ የእናትህን ድምፅ ቦታ አሳጥተኸዋል።

ደዋዩንም አልተወውም። «ደወልኩለት፣ አላነሳም፣ ምን ላድርግ?» የምትል አሠሪ፣ የቀን ሠራተኛ ስልኩ ሲዘጋ ሰነፍ ነው ብለህ አትፍረድ። መብራት ሳይኖረው ያደረ ሰው ነው። አንዲት መስመር ጻፍለት፦ «ሥራ አለ፣ ሱሉልታ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ደውል።» ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ለሁለተኛው ሰው ከመደወል አይበልጥም፤ ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። ቁጥርህን ብቻ ጥለህ ስትሄድ ግን እሱ ይደውልና አንተ አታነሳም፤ ከዚያ ሁለታችሁም ቀኑን ሙሉ ትፈላለጋላችሁ።

እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ባለቁልፍ ስልክ ስላለዎት ይህ ሁሉ የማይመለከትዎ እንዳይመስልዎ። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ይመለከትዎታል። ቴሌግራም በእርስዎ ቀፎ ላይ አይጫንም፤ ኮዱ ግን ይሠራል። የልጅ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በ62 ላይ የእናቱን ቁጥር ያስገባልዎ። ሲያስገባ አጠገቡ ሆነው ያንብቡት፤ ቁጥሩ የልጅዎ መሆኑን አይተው ያጽድቁ። ከጨረሰ በኋላ ስልክዎን ይዝጉና ከጎረቤት ስልክ ይደወልልዎ። ልጅዎ ካነሳች ሠርቷል። ካላነሳች እንደገና።

«እሺ፣ ነገ አደርገዋለሁ» አልከኝ?

ነገ ለምን? ስልኩ እጅህ ላይ ነው፤ መጠየቂያ ኮዱ አይቆጠርብህም። ኮከብ፣ መሰላል፣ 21፣ መሰላል። ቀጥሎ 61። ቀጥሎ 62። ቀጥሎ 67። ደውል፤ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ምን ቁጥር ወጣ? የማን ነው?